የቀድሞውን ፎቶ አውጣው፦ ቤተ መንግሥት ታሪክ የሚያስጽፈው ለምንድን ነው?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የሚያሳትመውን መጽሔት እንዳዘጋጅ ተዋዋልኩ። በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ ስለሌለው የመጣለትን ሥራ አይመልስም። ሁለት ወር ያህል መዝገብ ቤት ተቀምጬ አቧራ የጠጡ ፋይሎች ሳገላብጥ ከረምኩ። ከወረቀቱ እንዳየሁት ትልቁን ሕንፃ ያስጀመሩትም፣ ገንዘቡን ደጅ ጠንተው ያመጡትም የቀድሞው ኃላፊ ነበሩ። ሁለት ገጽ ከነፎቷቸው ሰጠኋቸው። ረቂቁን ሳስረክብ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው እያገላበጠ መጥቶ እዚያ ገጽ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ሥራህ ግሩም ነው። እኚህን ሰውዬ ግን እንለፋቸው» አለኝ።

«ሕንፃውን ያሠሩት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ሕንፃው ይቀመጥ። ‹ተሠራ› በለው፤ ይበቃል።»

«ተሠራ» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶውንም አወጣሁት። ገንዘቤን ተቀብዬ የቤት ኪራይ ከፈልኩ። ያን ጊዜ ብዙም አልከበደኝም። በኋላ የነገሥታት ዜና መዋዕሎችን ሳነብ ግን እኔም የሠራሁት ያንኑ የጥንቱን የጸሐፌ ትእዛዝ ሥራ እንደሆነ ገባኝ። ልዩነቱ የእኔ አሠሪ ንጉሥ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ቤተ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ፣ ጸሐፊ ሾሞ ታሪክ የሚያስጽፈው ለምንድን ነው? የተጻፈውንስ መልሶ ለምን ያስለውጣል? «ራሱን ለማሞገስ ነዋ!» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። ለሙገሳማ አዝማሪ ነበረለት።

🔹 ከሩቁ ልጀምር

ታሪክ መጻፍን እንደ ግብር መሰብሰብ መደበኛ የመንግሥት ሥራ ያደረገች አገር ቻይና ናት። በታንግ ሥርወ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ629፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ራሱን የቻለ የታሪክ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ሥራው ደረጃ ነበረው። ንጉሡ በየቀኑ የሚናገረውንና የሚያደርገውን አጠገቡ ያሉ ጸሐፊዎች በማስታወሻ ይይዛሉ። በኋላ ከማስታወሻውና ከየመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የዘመኑ መዝገብ ይጠናቀራል። ሥርወ መንግሥቱ ራሱ ሲወድቅ ደግሞ በቦታው የተተካው አዲሱ ሥርወ መንግሥት የወደቀውን ሙሉ ታሪክ ይጽፋል። እንዲህ እየተባለ የመጡና እንደ ይፋዊ ታሪክ የሚቆጠሩ 24 ትልልቅ ሥራዎች አሉ።

ልብ በሉ፤ የሟቹን ታሪክ የሚጽፈው ወራሹ ነው። ወራሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ነው።

የታሪክ ጽሕፈት ቤቱን ያቋቋመው ንጉሥ ታይዞንግ ራሱ ዙፋን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ626 ሁለት ወንድሞቹን በቤተ መንግሥቱ በር ላይ አስወግዶ፣ አባቱንም ከሥልጣን እንዲወርድ አስገድዶ ነው። በነገሠ በዓመታት ውስጥ የዕለት ማስታወሻውን ማየት አማረው። ጸሐፊው ቹ ሱይልያንግ ግን ንጉሥ የራሱን ማስታወሻ አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። «ጥፋት ባጠፋስ ትጽፈዋለህ?» ሲለውም ሥራው ስለሆነ እንደሚጽፈው መለሰለት። ንጉሡ ግን አልተወም። ከማስታወሻው የተጠናቀረው መዝገብ ሲቀርብለት የወንድሞቹ ሞት ተድበስብሶ ተጽፎ አገኘው። ያኔ ያዘዘው ነገር ይገርማል፤ «ሰርዙት» አላለም። በግልጽ ጻፉት፤ ነገር ግን አገርን ለማዳን ሲሉ ወንድሞቻቸውን እንደቀጡ እንደ ጥንቶቹ ደጋግ ሰዎች ሥራ አድርጋችሁ ጻፉት አለ። ድርጊቱን አልደበቀም። ትርጉሙን ወሰደው። በጣም ብልጥ የሆነ መንግሥት የሚያደርገው ይህንን ነው።

ያን ያህል ብልጠት የሌለው ደግሞ ይፍቃል። የሚንግ ሥርወ መንግሥቱ ዮንግለ እ.ኤ.አ. በ1402 የወንድሙን ልጅ በጦርነት ገልብጦ ነገሠ። ከዚያም የአባቱን ዘመን መዝገብ አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ እንደገና አስጻፈ፤ ተገቢው ወራሽ እሱ እንዲመስል። የወንድሙ ልጅ የነገሠባቸውን አራት ዓመታት ደግሞ ከዘመን ቆጠራው አስፍቆ፣ ሞቶ ለተቀበረው ለአባቱ ዘመን አስቆጠረለት። የሞተ ሰው አራት ዓመት ነገሠ ማለት ነው!

የቺንጉ ንጉሥ ቺየንሎንግም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1773 ጀምሮ ከመላው ግዛቱ መጻሕፍት አሰብስቦ በሺዎች የሚቆጠሩትን በእጅ አስገልብጧል። ለሥርወ መንግሥቱ የማይመቹትን ግን በዚያው ዘመቻ አስቃጥሏል፤ የጠፉት ወደ 3,000 የሚጠጉ ርእሶች እንደሆኑ ይገመታል። ማሰባሰብና ማጥፋት አንድ ሥራ ሆኑ።

🔹 ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛስ? እኛ እንደ ቻይና የታሪክ ጽሕፈት ቤት አልነበረንም። ጸሐፌ ትእዛዝ ግን ነበረን፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። በጎንደር ዘመን የንጉሡን ትእዛዝ የሚጽፈው እጅ የንጉሡን ታሪክም ይጽፍ ነበር። የታላቁ አፄ ኢያሱን ዜና መዋዕል ከጻፉት አንዱ ሐዋርያ ክርስቶስ፣ የአፄ በካፋን የጻፈው ሲኖዳ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። የአፄ ምኒልክን የጻፉት ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይም እንዲሁ። ከዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) የጦርነት ታሪክ እስከ ምኒልክ ብንቆጥር ሥራው ወደ 600 ዓመት ይጠጋል።

እነዚህ ነገሥታት ለምን አስጻፉ? ሦስት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የርስት ማስረጃ ነው። የእኛን አገር ሰው ስለ ርስት ማስረዳት አያስፈልግም። የእስቴ፣ የስማዳ፣ የጋይንት ገበሬ ለመሬት ሙግት ሲቆም አባት ይቆጥር ነበር፤ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ የደረሰ ይካፈላል፣ ቆጠራው የተበጠሰበት ይወጣል። ዙፋንም እንደዚያው ነው። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ዛጔዎችን ተክተው ሲነግሡ የሚያስፈልጋቸው ጦር ብቻ አልነበረም፤ ቆጠራ ያስፈልግ ነበር። ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በባልደረቦቹ ወደ ግእዝ ተመለሰ ይላል የመጽሐፉ መደምደሚያ። ቀደም ብሎ ያልተመለሰው ዛጔዎች ከእስራኤል ወገን ስላልነበሩ ነው ሲልም ያክልበታል። ላሊበላን ያህል ሥራ የሠሩ ነገሥታት በአንድ አንቀጽ ከቆጠራው ወጡ።

ይህ ቆጠራ እስከ ቅርብ ጊዜ ሕግ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲለምኑ፣ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ነበር። መጽሐፉም ተመለሰ። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥቶች የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥራሉ። ታሪክ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ትዝታ አይደለም፤ የይዞታ ካርታ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ነው። የጎንደር ዜና መዋዕሎችን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ይሰለቻል። በዘመነ ማቴዎስ፣ በእንዲህ ያለ ወር፣ በእንዲህ ያለ ቀን ንጉሡ ከዚህ ተነሥተው እዚያ አደሩ፤ እገሌ ተሾመ፣ እገሌ ተሻረ፤ በቅባትና በተዋሕዶ ጉዳይ ጉባኤ ተደረገ፣ እንዲህ ተወሰነ። ይህ ግን ለቤተ መንግሥቱ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ነገ «ሹመቱ የእኔ ነበር»፣ «ጉባኤው ለእኛ ነበር የፈረደው» የሚል ሲመጣ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። መዝገቡ በእጁ ያለው ደግሞ ክርክሩን ግማሽ አሸንፏል።

ሦስተኛው ምክንያት በሟች ላይ መፍረድ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። በሕይወት እያለ አይከሰስም፤ ሲሞት ግን የሚከሰው ተተኪው ነው። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ዜና መዋዕል ተመልከቱ። ሃይማኖታቸውን፣ ድላቸውንና ሥርዓታቸውን ያመሰግናል። እዚያው ደግሞ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን እንደቀጡና እንዳስገደሉ፣ በዘመናቸው ሕዝቡ በታላቅ ፍርሃት ይኖር እንደነበር ይናገራል። ይህን ማን ደፍሮ ጻፈው? መልሱ ሲጻፍ ከነበረው ዙፋን ላይ ነው። ያ ታሪክ የተጻፈው ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው። ልጃቸው በእደ ማርያም የአባታቸውን ከባድ ሥርዓት አቅልለው ነበር የጀመሩት፤ የእናታቸው የጽዮን ሞገሳ ሞትም ከአባታቸው ድብደባ የመጣ ነበር። እውነቱ ወጣ፤ የወጣው ግን ለአዲሱ ንጉሥ የሚጠቅምበት ቀን ስለደረሰ ነው።

ይህንን ካየን በኋላ የቅርቡም ግልጽ ይሆናል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከተሻሩ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታሪካቸው የክስ ዝርዝራቸው ሆኖ ቀረ። አለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ የጻፉት የእሳቸውና የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ዜና መዋዕል በማተሚያ ቤት ወጥቶ ያየነው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያውም በውጭ አገር፣ በኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቬር አዘጋጅነት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። በማግሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። ግን ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን እንዲታዩ የተፈቀደው በዚያች ሌሊት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳሩን የሚያድለው ደግሞ የሚነግሠው ነው።

🔹 ታዲያ ዜና መዋዕሉን እንጣለው?

አንጣለውም። እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ እለያለሁ። «ታሪክን የሚጽፈው አሸናፊ ነው» ተብሎ ይደመደማል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የፈለገውን ያምናል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የቤተ መንግሥት ታሪክ አደገኛ የሚሆነው ቤተ መንግሥት ስለጻፈው አይደለም፤ ሌላ ማንም ሳይጽፍ ሲቀር ነው።

ምሳሌው ከዚያው ከዓምደ ጽዮን ዘመን ይገኛል። የጦርነት ታሪካቸው ስለ ድላቸው ብዙ ይነግረናል። የአባታቸውን ሚስት ወስደዋል ብለው ፊት ለፊት የገሠጿቸውን፣ በዚህም የተገረፉትንና የተሰደዱትን መነኮሳት ግን አናገኝበትም። እነዚህን የምናገኘው በገድላቸው ነው። ገድሉን ያስጻፈው ንጉሥ ሳይሆን ገዳም ነው። ገዳሙም የራሱ ጥቅም አለው፤ የራሱን አባት ያከብራል። ግን ጥቅሙ ከንጉሡ ጥቅም የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ መሀል ላይ የሆነው ነገር ይታየናል። ከቆጠራ የወጡት ዛጔዎችም የተረፉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቤተ መንግሥት ባዕድ ሲላቸው ቤተ ክርስቲያን ላሊበላንና ይምርሃነ ክርስቶስን ቅዱስ ብላ ገድል ጻፈችላቸው።

ዘመነ መሳፍንት መጥቶ የጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ በሆኑ ጊዜም ታሪኩን ያዳነው ንጉሥ አልነበረም። ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ የተባሉ መኳንንት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተበታተኑትን የነገሥታት ታሪኮች አሰባስበው በአንድ ጥራዝ አስጻፉ። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጎንደር መጥቶ ከዚያ ወገን የሆነ ጥራዝ ይዞ ሄደ፤ ዛሬ ፍራንክፈርት ነው ያለው። ከረጅሙ ዜና መዋዕል በተጨማሪ «አጭሩ ዜና መዋዕል» የሚባለውም በየሰዉ እጅ እየተገለበጠ ሲሄድ የገለበጠው ሁሉ የሰማውን ጨመረበት። አንድ ቅጂ ቢጠፋ ሌላው ተረፈ።

ለእኛ ለበጌምድር ልጆች ግን ትልቁ ትምህርት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ታሪካቸው በአማርኛ የተጻፈላቸው የመጀመሪያው ንጉሥ እሳቸው ናቸው፤ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሦስት ዜና መዋዕሎች አሏቸው። ዘነብ በዘመናቸው የነበረ፣ የሚያደንቃቸው ጸሐፊ ነው። ሥራውን ያቆመው ግን የንጉሡ ፍጻሜ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ዘነብን ብቻ ያነበበ ሰው በ1859 ዓ.ም. የተቃጠለችውን ጎንደርን አያገኛትም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተዘረፈውን የበጌምድር ገበሬ አያገኘውም። በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖልን፣ መንገዱን እየቆፈረ የጎተተውንም ሰው አያየውም። እነዚህን ለማየት ወደ አለቃ ወልደ ማርያምና ስሙ ወዳልታወቀው ሦስተኛ ጸሐፊ መሄድ አለበት። ዘነብ ዋሸ አልልም። አንድ ታሪክ የት ላይ እንደሚያቆም ማየትም ማንበብ ነው እያልኩ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች «መይሳው ካሳ» እያሉ የሚያለቅሱለት ሰውና እህላቸውን ያስበላው ሰው አንድ ሰው መሆኑን ያወቁት ከአንድ መጽሐፍ አይደለም።

🔹 አንቺም

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የታሪክ መጽሐፋችን የራስ ጉግሣ ወሌን ነገር በሁለት መስመር ጨርሶት ነበር፤ ዐመፁ ተደመሰሰ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ መጽሐፉን ይዤ አያቴን ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ አንቱ ያን ጊዜ ነበሩ። ራስ ጉግሣ ዐመፀኛ ነበሩ እንዴ?»

ዝም ብለው ቆዩ። «ልጄ፣ ለአዲስ አበባ ዐመፀኛ ነበሩ። ለዚህ አገር ገዢ ነበሩ። አባቴ የሄደው ዐምፆ አይደለም፤ ጌታው ክተት ስላለው ነው» አሉኝ።

የተጻፈው እንዲህ ነው። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ከሚስታቸው ተለይተው በጌምድርን እንዲገዙ ተደረገ። ተፈሪ መኰንን በ1921 ዓ.ም. መስከረም ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ነገሩ እየከረረ ሄዶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ አንቺም ላይ ጦርነት ሆነ። የመሀል አገሩን ጦር የመሩት ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። አውሮፕላን መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ወረቀቱ ከቤተ ክህነት የወጣ ውግዘትም ነበረበት። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ እዚያው ሞቱ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ። በሰባት ወር ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ተጫነ። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው ብዕር ሲያሳትሙ የአንቺምም ነገር በእሳቸው ዐይን ተጻፈ።

አያቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። አባታቸው አልተመለሱም። አያቴ መጽሐፌን ዘግተው ወደ ጓዳ ገቡና ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። ከመጀመሪያው ቅጠል ጀርባ፣ በድሮ ቀለም፣ የአባታቸው ስምና «በአንቺም ሞተ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ማን እንደጻፈላቸው አላስታውስም አሉኝ፤ አንድ ደብተራ ነው። ከሥሩ የልጆች ልደትና የእናታቸው ዕረፍት ተከታትሎ ተጽፏል። ያ ገጽ ከአንድም ቤተ መንግሥት ትእዛዝ አልወጣለትም፤ ማንም መጥቶም አላስተካከለውም። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ባሉ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ውርስና እርቅ የሚጻፈውም በዚሁ ልማድ ነው። የአያቴ ዳዊት የእኛ ቤት ዜና መዋዕል ነው።

🔹 ስለ ዛሬያችን

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ሥራቸው ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ለማንም የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ያስፈልገዋል ብለው ነበር፤ የእኛ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ እንደሚጎድላቸውም ወቅሰዋል። ልክ ነበሩ። ሆኖም የማያዳላ ሰው እስኪገኝ ከጠበቅን ምንም አይጻፍም። የሚያዳሉ ግን የተለያዩ ሰዎች ሲጽፉ ፍርዱን አንባቢው ይሰጣል።

ዛሬ ያለንበት ችግር ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች የተዘጋጀው የታሪክ ሞጁል ረቂቅ ያስነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። ሁሉም ወገን የሚፈልገው በመንግሥት ማኅተም የሚወጣ አንድ ትክክለኛ መጽሐፍ ነበር፤ ልዩነቱ የማን ይሁን የሚለው ላይ ነው። ክልሉም፣ ፓርቲውም፣ ታጣቂውም የየራሱን ጸሐፌ ትእዛዝ ይዟል። የቴሌግራም ቻናሉ ሳይቀር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ የሆነውን፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ከሁሉም ወገን መግለጫ አንብበናል። መግለጫዎቹ ላይ ሰዎች «ተደመሰሱ»፣ «ተለቀቁ»፣ «ተመቱ»። የሞተው ሰው ስም ግን የለም። ነገ ከነገ ወዲያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመግለጫ ሌላ ካላገኘ ከመግለጫ ይጽፋል። ጥፋቱ የእሱ አይሆንም፤ የእኛ ነው።

የቻይናን አንድ ሌላ ታሪክ ልንገራችሁና ላብቃ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ548 በቺ መንግሥት ትዊ ጁ የተባለ ሹም ጌታውን አስገደለ። የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ትዊ ጁ ጌታውን ገደለ ብሎ መዘገበ። ሹሙ ጸሐፊውን ገደለው። ወንድሙ ተተክቶ ያንኑ ጻፈ፤ ተገደለ። ሌላውም ወንድም ያንኑ ጻፈ፤ ተገደለ። ቀጣዩ ወንድም ገብቶ ያንኑ ሲጽፍ ሹሙ ተወው። ከሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ጸሐፊ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ሁሉ ማለቃቸውን ሰምቶ መጻፊያ ቀርከሃውን ይዞ ይመጣ ነበር አሉ፤ መጻፉን ሲሰማ ከመንገድ ተመለሰ።

እኔ የዚያን ዓይነት ሰው አይደለሁም። እኔ ለቤት ኪራይ ስል «ተሠራ» ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። እናንተንም ሞታችሁ ጻፉ አልላችሁም። የምላችሁ ትንሽ ነገር ነው። ቤታችሁ ዳዊት ወይም የድሮ ደብተር ካለ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። በሕይወት ያሉ አያት ካሏችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። በእነዚህ ዓመታት ከሰፈራችሁ የሞተውን ሰው ስም፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከነሞተበት ቀን በአንድ ወረቀት አስፍሩ። አስተያየት አያስፈልገውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እኔም ከራሴ ጀምሬአለሁ። የአያቴ ዳዊት አሁን መካነ ኢየሱስ አጎቴ ቤት ነው፤ ባለፈው ስሄድ እያንዳንዱን ቅጠል ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ መጽሔት ያወጣኋቸውን ሁለት ገጾችም አላጠፋኋቸውም፤ ከነፎቶው ኮምፒውተሬ ላይ አሉ። ያንን ሕንፃ ማን እንዳሠራው አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ እሰጠዋለሁ።

እናንተ ቤት የተቀመጠ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አለ? ካለ ከታች አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ሰላም ሁኑ።